ተጨማሪ መረጃ፦ ከሆለታ እስከ ጣርማ በር

ከመሐል ሜዳ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል፤ የመንዝ መንገድ ከዋናው አውራ ጎዳና የሚገናኘው እዚያ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ይህን በር እንዲጠብቁ ከተላኩት መካከል የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው። በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩበት ነበር። ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ። እንግዲህ ስዊድናዊ መምህርና ኢትዮጵያዊ ተማሪ የተግባቡት ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ቋንቋ ነው! ጦርነቱ ግን ትምህርቱን አላስጨረሳቸውም። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከእነዚሁ ወጣቶች ብዙዎቹ በወለጋ ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ጦር ተቀላቀሉ።

ከነጻነት በኋላ ሆለታ እንደገና ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ ተመሠረተ፤ የዚያ መምህራን የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። የሐረር ምሩቃን በትምህርታቸው ይኩራሩ እንጂ፣ በ1966ቱ አብዮት ማግስት ሥልጣኑን የጨበጡት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ምሩቅ ነበሩ።