ቡሬ ስትደርሱ የት ታድራላችሁ? ለኢንተርንሽፕ ለሚወጡ ወንድሞችና እህቶች



የኢንተርንሽፕ ደብዳቤ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከሶላት በኋላ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቡሬ ደርሶኛል፣ ፍኖተ ሰላም ደርሶኛል፤ የት ነው የማድረው?» ይላሉ። ባለፈው ዓመት እኔም ይህንኑ እየጠየቅሁ ነበር የሄድኩት። መልስ የሰጠኝ ሰው ስላልነበረ አብዛኛውን በኪሴ ተማርኩት። አንድ ወንድማችን ደግሞ ከእኔ የባሰ ገጠመው። ለአራት ወር ብሎ የያዘው ገንዘብ በሦስት ሳምንት ውስጥ በአልጋ ኪራይ አለቀበትና ሥራውን ጥሎ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ሪፖርት ስላላስገባ ከባቹ ወደ ኋላ ቀረ። በትምህርቱ ከእኔ የሚሻል ልጅ ነበር።

ቡሬ የሚመደበው ተማሪ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላና የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያው ስለተሠራ፣ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካልና ኬሚካል የሚማር ሁሉ ዓይኑን ወደዚያ ጥሏል። ከተማዋ መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በመሐሏ ያልፋል፣ ወደ ነቀምት የሚወርደውም የሚነሣው ከእሷ ነው። ስለዚህ አልጋ ሞልቷል፤ ግን የተዘጋጀው ለአንድ ሌሊት አዳሪ ነው፣ ለሹፌር፣ ለነጋዴ፣ ለመንገደኛ። አራት ወር ለሚቀመጥ ተማሪ አልተሠራም። የዞኑ ከተማ ፍኖተ ሰላምም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ መሥሪያ ቤት ስለሚበዛበት ግን ስብሰባና ሥልጠና ባለ ሳምንት አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ይወደዳል።

አውሮፓ ለትምህርት የሄዱ ወንድሞች ሲያወሩ «ሆስቴል» የሚሉት ነገር አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት አልጋ ተደርድሮ የሚከፈለው ለክፍሉ ሳይሆን ለአልጋው ነው። ነገሩን የጀመረው ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ዝናብና ነጎድጓድ ያዛቸውና አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ። በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ለምን ማደሪያ አይሆኑም የሚለው ሐሳብ የመጣለት ያኔ ነው፤ በ1912 በአልቴና ከተማ በሚገኝ አሮጌ ግንብ ውስጥ ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ ኪታብ ፍለጋ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ የሚዞረው ደረሳ የሚያድረው በመስጊዱ ዙሪያ ባለ ጎጆ ነው፣ የሚበላውም የሀገሬው ሰው ያዋጣውን ነው። ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪውም አኗኗሩ ተመሳሳይ ነው። ከዚያም አልፎ አህሉ ሱፋዎች የኖሩት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ጥላ ሥር ነበር። ነጋዴዎቻችንም ቢሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከበሶ ገበያ ተነሥተው በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ሲጓዙ በየመንገዱ የሚያውቁት ሰው ቤት ያድሩ ነበር እንጂ ሆቴል አልነበራቸውም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ለተማሪ የሚሆን ሆስቴል እስኪገኝ እኛም የያዝነው ይህንኑ የድሮ መንገድ ነው፤ የሚያውቅ ሰው መፈለግ።

አሁን ወደ መናኸሪያው እንሂድ። ከመኪና ስትወርዱ «አልጋ ልያዝልህ?» የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል። መጥፎ ልጆች አይደሉም፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን የሚወስዷችሁ ኮሚሽን ወደሚከፍላቸው ቤት ነው፣ ያ ኮሚሽን ደግሞ የሚወጣው ከእናንተ ዋጋ ላይ ነው። አመስግኑና ወደ መስጊዱ ሂዱ። ዙሁር ወይም ዐስር ሰግዳችሁ ሙአዚኑን ወይም በረንዳ ላይ የተቀመጡ አባቶችን ጠይቁ፤ የትኛው ቤት ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ የትኛው እንደማይሆን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ እንዲሆን ግን በቀን መድረስ ያስፈልጋል። ከመነሻችሁ ጎሕ ሲቀድ ውጡና ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ግቡ። ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑንና ሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ አጣሩ። የትናንቱን ወሬ ይዛችሁ አትውጡ።

ከሁሉ ርካሹ አልጋ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ግሮሰሪ ወይም ቡና ቤት ያለው ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊቴን ያሳለፍኩት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አላቆመም፣ በሬ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፣ ጠዋት ለሱብሒ ስነሣ ደግሞ የግቢው በር ተቆልፎ ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ተኝቷል። ያተረፍኩት ብር አንድ ምሳ አይገዛም ነበር። ትንሽ ጨምሮ ፔንሲዮን መያዝ ይሻላል፤ መጠጥ የማይሸጥበት፣ ባለቤቱ እዚያው ግቢ የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። በየትኛውም ቤት ስታድሩ ማታውኑ ለጥበቃው «11 ሰዓት ላይ ለሶላት እወጣለሁ» ብላችሁ ንገሩት። ቀድሞ የተነገረው ሰው አይቆጣም። በረመዷን ከሆነ ስለ ሱሑርም እንዲሁ።

ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። ማንም አይቀየምም። እኔ በቅድሚያ የማየው ፍራሹን ነው። አንሶላውን ገልጣችሁ የስልክ መብራት በፍራሹ ስፌትና በአልጋው ራስጌ መጋጠሚያ ላይ አብሩ፤ እንደ ብዕር ነጥብ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን አለ፣ ወደ ሌላ ክፍል ሳይሆን ወደ ሌላ ቤት ሂዱ። በቦርሳችሁ ተሸክማችሁት ከመጣችሁ ዶርም ድረስ ይከተላችኋልና። ቀጥሎ የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ሞክሩ። ከዚያ ቧንቧውን ክፈቱ። «ሻወር አለው» ማለት ውሃ አለው ማለት እንዳልሆነ በደንብ ተምሬያለሁ። ለእኛ የውሃ ጉዳይ የመታጠብ ብቻ አይደለም፣ የውዱእም የኢስቲንጃእም ነው። ስለዚህ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ቦርሳ ውስጥ ያዙ፣ ውሃ ባለበት ሰዓት ሙሏቸው። ሻወሩ የጋራ የሆነ ክፍል ከባለ ሻወሩ በብዙ ይቀንሳል፣ ለወንድ ተማሪ ይበቃል።

ቂብላውን እያንዳንዱን አስተናጋጅ መጠየቅ አያስፈልግም። መካ ከቡሬ አካባቢ በቀጥታ ሰሜን ናት ለማለት ይቀርባል፤ ሒሳቡን ስሠራው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 13 ወይም 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ጠዋት ፀሐይ የወጣችበትን ወደ ቀኝ እጃችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ቀኝ ዙሩ።

ሶላት ማሳጠርን በተመለከተ ብዙዎች ይሳሳታሉ፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። ከባሕር ዳር ቡሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መንገድ ላይ ሙሳፊር ናችሁ፣ ባለ አራት ረከዓውን ሁለት ትሰግዳላችሁ። እዚያ ደርሳችሁ ግን አራት ወር ልትቀመጡ ነይታችኋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የገባችሁበትና የምትወጡበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ሙሉ ይሰግዳል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ገደቡ 15 ቀን ነው። በሁለቱም ሒሳብ ኢንተርንሽፕ ላይ ያለ ተማሪ ቀስር የለውም። ድርጅቱን አይቶ በሁለት ቀን የሚመለስ ሰው ግን አለው። የተለየ ሁኔታ ያለበት ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ።

የገንዘቡ ዋና ነገር ያለው ግን እዚህ ጋ ነው፦ አልጋ ቤት የሦስት ሌሊት ነገር ነው። አንድ አልጋ በሌሊት 300 ብር ነው እንበል፤ በወር 9,000 ይመጣል፣ በአራት ወር 36,000። ያ ወንድማችን የወደቀው በዚህ ሒሳብ ነው። «ነገ ቤት አገኛለሁ» እያለ ሃያ አንድ ሌሊት አደረ። እናንተ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከሥራ መልስ የወር ቤት ለመፈለግ ብቻ አውሏቸው። አንድ ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ደባል ሆኖ መከራየት ከአልጋ ቤቱ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ከዚህ ሳትነሡ ከሌላ ዲፓርትመንት ማን ወደዚያው እንደሚሄድ አጣሩና ደባላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መብራትና ውሃ በኪራዩ ውስጥ መሆኑን፣ ማታ በር የሚዘጋበትን ሰዓት፣ ማብሰል የሚቻል መሆኑን ጠይቁ። የግቢውን ደብዳቤና መታወቂያ አሳዩ፣ ኮፒውንም ስጧቸው። በአሁኑ ጊዜ ማንነቱ ያልታወቀ ወጣት ማከራየት ለአከራዩም ጭንቅ ነው።

አካባቢው አብዛኛው ክርስቲያን ስለሆነ አከራያችሁም ክርስቲያን የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ይህን ፈርቶ ቤት የማይጠይቅ ሰው አይቻለሁ። እኔና ደባሌ ያከራዩን እናት የመጀመሪያው ቀን «ሙስሊም ናችሁ አይደል ልጆቼ?» አሉን። እኛ ልንወጣ ነው ብለን ቆመን እያለ ከጓዳ አንድ ድስት ይዘው መጡ። «ይኼ የጾም ዕቃዬ ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። እናንተም በዚህ ቀቅሉ» አሉን። አራት ወር ሙሉ ሽሯችንን የሠራነው በእሳቸው የጾም ድስት ነው። ሥጋ ስንፈልግ የሙስሊም ምግብ ቤት ሄደን እንበላለን እንጂ ወደ ቤታቸው አላስገባንም፣ እሳቸውም የፍስክ ቀን ወጣቸውን ቅመሱ ብለውን አያውቁም። ነገሩን ገና በመጀመሪያው ቀን ግልጽ ማድረጉ ሁላችንንም ገላገለን።

የሙስሊም ምግብ ቤት ርቆ ሲገኝ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ወራት የትኛውም ምግብ ቤት በያይነቱና ሽሮ አለው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም በዚያን ሰሞን ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ ጠይቃችሁ እዘዙ፣ መሥሪያ ዕቃውንም አጣሩ። ሌላው ቢቀር የቡሬ በርበሬ ያለበት አገር ላይ ሽሮ አይሰለችም።

ለእህቶች ሁለት ነገር ልጨምር። ብቻዋን የመጣች ልጅ አልጋ ስትጠይቅ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያያት፣ አንዳንዴም «የለም» የሚላት አስተናጋጅ አለ። ባለፈው ዓመት የወጡት እህቶቻችን ይህን የተወጡት አልጋ ቤት ጨርሶ ባለመያዝ ነው። የእህቶች ክፍል ቀድሞ ደውሎ ልጃቸው እዚህ ግቢ የምትማር ቤተሰብ ጋ አስቀመጣቸው፣ ከሳምንት በኋላ ለሦስት አንድ ቤት ተከራዩ። ደብዳቤው በእጃችሁ እንደገባ ለእህቶች ክፍል ንገሩ እንጂ የመሄጃው ዋዜማ ድረስ አትቆዩ። የመህረምን ጉዳይ ከቤተሰብና ከኡስታዞች ጋር ተነጋገሩበት፤ እኔ የምናገረው አይደለም።

መስጊድ ማደርስ? አንዳንዶች ጠይቀውኛል። ለአንድ ሌሊት፣ መኪና አምልጦ ከሆነ፣ በኢማሙና በኮሚቴው ፈቃድ ይቻላል፤ መንገደኛ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ መሆኑንም አንርሳ። ነገር ግን የመስጊድን በር የወር ቤት ማድረግ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው በሩን መዝጋት ነው።

ዕረፍት ቀን የአባይን ምንጭ ለማየት ወደ ሰከላ መሄድ የሚፈልግ አይጠፋም። ቦታው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) የደረሰበት፣ ከእሱ ከ150 ዓመት በፊት ደግሞ ፔድሮ ፓኤዝ ያየው ግሽ ዓባይ ነው። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ቲሊሊ ላይ ወርዶ በሌላ መኪና ይገባል። ምንጩ ጠበል ነው፣ አጠገቡም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቦታውን ሰዎች ሳትጠይቁ አትቅረቡ። መኪናው እንዳያመልጣችሁ በጠዋት ሂዱና የዚያኑ ቀን ተመለሱ።

ጀመዓው ቢሮ ውስጥ አንድ ደብተር ጀምረናል። ከኢንተርንሽፕ የተመለሰ ሁሉ ያደረበትን ቤት፣ የከፈለውንና የከፈለበትን ወር፣ ውሃውን፣ ጸጥታውን፣ ከመስጊድ ያለውን ርቀት፣ ፈቃደኛ ከሆኑም የአከራዩን ስልክ ይጽፍበታል። እስካሁን የቡሬው ሁለት ገጽ ተኩል ሞልቷል፣ የፍኖተ ሰላም አንድ ገጽ ነው። የቲሊሊና የሰከላ ገጽ ገና ባዶ ነው። ደብተሩ ከዐስር በኋላ በጸሐፊው እጅ ይገኛል፤ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ይዞ መውጣት ግን አይቻልም።