ሞተር ሲጠነክር ማስነሳቱ ለምን ይከብዳል?

በመካኒክ ክፍላችን አንድ ተማሪ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ማስነሻ ሲረግጥ ፔዳሉ መልሶ መታውና ቁርጭምጭሚቱ ሳምንት ሙሉ አብጦ ከረመ። ሞተሩ ጉልበት እንዲጨምር ተብሎ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተልጎ ነበር። "ታዲያ ትልልቆቹ ሞተሮች እንዴት ነው የሚነሱት?" ብሎ ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ጻፍነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ የሚጠርገው ቦታ 99 ሲሲ፣ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው 11 ሲሲ ነው እንበል። ድምሩ 110 ለ11 ሲካፈል 10 ይመጣል፤ ኮምፕሬሽኑ 10 ለ1 ነው ማለት ነው። ቴስታታው ተልጎ የሚቀረው ቦታ 9 ሲሲ ቢሆንስ? 108 ለ9 ሲካፈል 12 ይሆናል። ጉልበት ተገኘ፤ ግን ሞተሪኖውም ሆነ እግራችን ያንን የታመቀ አየር መግፋት አለበት። ባትሪ ይደክማል፣ የሞተሪኖ ጥርስም ይበላል።

መፍትሔው የኮምፕሬሽን ማስተንፈሻ ነው። ቴስታታው ላይ የሚገጠም ትንሽ ቫልቭ ሲሆን፣ ከማስነሳታችን በፊት ስንጫነው ይከፈታል። ከታመቀው አየር ከፊሉ ስለሚወጣ ፒስተኑ ቀለል ብሎ ያልፋል። የሃርሊ ዴቪድሰንን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የሚያሳድጉ መካኒኮች በየቴስታታው አንድ አንድ ይገጥማሉ። ሞተሩ ሲነሳ የእሳቱ ግፊት ራሱ ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል። በድሮው ያማሃ ኤክስቲ 500 ላይ ደግሞ በእጅ የሚሳብ ማንሻ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ትንሽ ከፈት ያደርግ ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ማስተንፈሻው የሚረዳው ለማስነሳት ብቻ ነው። ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ያው 12 ለ1 ነው፤ ቤንዚኑ ለዚያ የማይሆን ከሆነ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ቆይቶም ፒስተኑን ይበሳዋል። የካንዴላው እሳት ያለጊዜው ቀድሞ የሚመጣ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፤ እግር የሚሰብር ምት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ቀዳዳውን መብሳት የሚቻለው ቴስታታው ወርዶ ነው፤ ከቫልቭ መቀመጫና ከካንዴላ ጥርስ መራቅ፣ ብናኙንም አንድ ሳይቀር ማጽዳት ያስፈልጋል። ቦታው ከተሳሳተ ቴስታታው ተጣለ ማለት ነው።

እኛስ? በየመንገዱ የምናያቸው የ100 እና የ150 ሲሲ ሞተሮች ሳይነኩ እንደተሠሩ ከቆዩ ማስተንፈሻ አያሻቸውም። የተማሪያችንን ሞተር ፈተን ስናየው እሳቱ ቀድሞ ይመጣ ነበር። አስተካከልነው፤ አሁን ራሱ ያስነሳዋል። ስለዚህ ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት እርሳስ አንሱና አስሉ።