የግሪሳው ዕዳ በጅግራ ላይ

ሚኤሶ ላይ ማሽላው ወተት መቋጠር ሲጀምር ማማ ይሠራል፤ ወንጭፍ ይጮሃል። የሚጠበቀው ግሪሳ ነው። ችግሩ ከማማው የወረደ ሰው በእግሯ የምትሄደውንም ወፍ በዚያው ዓይን ማየቱ ነው። «ጅግራም ቆቅም ያው እህል ሌባ ናቸው» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው።

ግሪሳ ጎጆዋን የምትሠራው እሾሃማ ግራር ላይ፣ በመንጋ ነው። አንዷ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ መንጋው ሁለት ሚሊዮን ከሆነ በቀን 200 ኩንታል ሄደ ማለት ነው። ጅግራ በበኩሏ ቁጥቋጦ ሥር መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች። የቆመ የማሽላ ራስ ከአንገቷ በላይ ነው፤ የምትለቅመው የረገፈውን ነው። ከዚያ ሌላ ምስጥ፣ ፌንጣ፣ የአረም ፍሬና ሥር ትበላለች። ጫጩቶቿም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዋናነት የሚያድጉት በነፍሳት ነው።

ፈጽሞ ንጹሕ ናት አልልም። አዲስ የተዘራ ዘር ጭራ ታወጣለች። ስለዚህ ማሳው ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ቡቃያው ሥር እስኪይዝ በማለዳና በአመሻሽ ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ ስጋቱ ይቀላል።

«የግሪሳ መድኃኒት ግሪሳን ብቻ ነው የሚገድል» የሚሉም አሉ። አይደለም። አመሻሽ ላይ ከአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን እዚያው ያደረውን ሌላ ወፍ፣ የሞተውን የሚበላውን ጭልፊትም ይገድላል። ከርጭት በኋላ የወደቀ ወፍ ለቤትም ለውሻም ምግብ አይሆንም።

«ዳርቻው ካልተቃጠለ ተባይ ይራባል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። የአገዳ ቆርቁር በበጋ የሚደበቀው የማሽላው አገዳ ውስጥ ስለሆነ አገዳውን ከማሳው ማንሳት ተገቢ ነው፤ ለከብትም ለማገዶም ይሆናል። የወሰኑ ሣር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲቃጠል የሚያልቁት የጅግራዋ እንቁላልና ተባይ የሚበሉት ሸረሪቶች ናቸው።

የሰው እጅ የነካውን እንቁላል እናቲቱ ትጥለዋለች ሲባልም እሰማለሁ። የምትሸሸው የእጅን ሽታ ሳይሆን መላልሶ መረበሽን ነው። ሣሩን ረግጠን ያወጣነው መንገድ ደግሞ ለሸለምጥማጥና ለውሻ ይመቻል።

ለወፍ ቦታ መተው ምርት ማጣት ነው? እንግሊዝ አገር በስንዴ ማሳ ውስጥ በሄክታር ሁለት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 16 ካሬ ሜትር የሆኑ ቦታዎችን ሳይዘሩ ለወፍ ይተዋሉ፤ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። በተቆራረጠው የሚኤሶ ማሳ ይህን አልመክርም። ወሰኑ ይበቃል፦ የአንዱን ወገን ሣር ዘንድሮ፣ የሌላውን ከርሞ ማጨድ። ጎጆ የተገኘ እንደሆነም ዙሪያውን ጥቂት እርምጃ ሳይታጨድ ማቆየት ነው። ጅግራ የምትታቀፈው አራት ሳምንት ያህል ነው፤ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በማግስቱ እናታቸውን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ሣሩም ያኔ ይታጨዳል።