ዋንጫውን የተቀበለው አምበል

ዘጌ ውስጥ ኳስ መጫወቻ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው። ቦታው ሁሉ ቡና ነው፤ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተደብቆ እስከ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። ልጆቹ የሚጫወቱት ጀልባ ማረፊያው አጠገብ ባለች ጠባብ ገላጣ ቦታ ነው። ኳሷ ጣና ውስጥ ከገባች የመታት ልጅ ዋኝቶ ያመጣታል። ክርክር የለም።

ባለፈው ጥር፣ የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል፣ እናቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ አጎቴ ቤት ተሻገርን። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ ጀርባው ላይ “ሜሲ” የሚል ማልያ ለብሷል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ድንገት ወደ አጎቴ ዞረና፦

“አባባ፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫ በልታ ታውቃለች?” አላቸው።

“አንድ ጊዜ። በሃምሳ አራት።”

“አምበሉ ማን ነበር?”

“ሉቻኖ።”

ልጁ ፊቱን ቅጭም አደረገ። “እሱ ፈረንጅ ነው እንዴ?”

ጋሼ ወደ እኔ ተመለከቱ። “በይ አንቺ የተማርሽው፣ ንገሪው እንጂ።”

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የምነግረው አልነበረኝም። ከዚያ ቡድን የመንግሥቱ ወርቁንና የይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ሰምቼ አድጌያለሁ። ሉቻኖ ቫሳሎን ግን በስም ብቻ ነበር የማውቀው። ባሕር ዳር ስመለስ ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርኩ፤ የልጁ ጥያቄም ሰውየውን ዕድሜ ልኩን የተከተለው ጥያቄ እንደነበር ገባኝ።

ሉቻኖ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ፋሺስቱ መንግሥት ጣሊያናውያን ከቅኝ ተገዢዎች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሕግ ከለከለ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ አገደ። የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ስም ኢታሎ ነው፤ “ጣሊያናዊ” እንደማለት። ሕጉ የከለከለውን እናትና አባት በስም ሰጡት ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያሉ ልጆችን አስመራ “ክልስ” ትላቸው ነበር። ለጣሊያኑ ነጭ አይደሉም፤ ለአገሬው ደግሞ የገዢው ልጆች ናቸው። ኳሱም እንደ ሰፈሩ የተከፋፈለ ነበርና ሉቻኖ የጀመረው የክልሶች ቡድን በሆነው በስቴላ አስማሪና ነው። ጎን ለጎን የመካኒክነት ሙያ ተማረ። ይህችን ሙያ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ የአስመራ ክለቦች በኢትዮጵያ ሻምፒዮና መጫወት ጀመሩ፤ የአስመራ ልጆችም ለብሔራዊ ቡድን ተመረጡ። ሉቻኖ በመጨረሻ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ለኮተን ተጫወተ። ኮተን በዚያን ጊዜ የሚቀመስ ቡድን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል።

የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ የቀረቡት። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ከቱኒዚያ ጋር ገጠመች። ሁለት ለባዶ ተመርታ አራት ለሁለት አሸነፈች፤ ከአራቱ ሁለቱን ያገባው ሉቻኖ ነው። ለፍጻሜ የጠበቀችን ግብፅ ነበረች። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት፤ በሁለቱም ውድድር እኛን አራት ለባዶ ሸኝታናለች።

ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ቀን ዋለ፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ። አጎቴ ያኔ ጉልበት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገቡ ወጣት ነበሩ። ታቦት ጃን ሜዳ ሸኝተው ወደ ስታዲየም ሄዱ፤ መግቢያ ግን አላገኙም። አጥር ሥር ቆመው ጎሉን በጩኸት ቆጠሩ። “ስታዲየሙ ጸጥ ሲል እነሱ አገቡ ማለት ነው። ምድር ሲንቀጠቀጥ እኛ” ይላሉ።

አንድ ጊዜ ጸጥ አለ። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ አገባና ምድር ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ ሳይበርድ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና ጸጥታ። ጋሼ “በቃ አለቀ ብዬ ልሄድ ነበር” አሉኝ። 84ኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ ሉቻኖ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት 101ኛው ደቂቃ ላይ ወንድሙ ኢታሎ፣ 118ኛው ላይ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። አራት ለሁለት። አንድ እናት ያሳደገቻቸው ሁለት ልጆች በአንድ ፍጻሜ ጎል አገቡ፤ ታላቅየው ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ የሚቀበለው ሰው ክልስ መሆኑ ያላስደሰታቸው ባለሥልጣናት ነበሩ ይባላል፤ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ግን አምበሉ ሉቻኖ ነው ብለው አልተነቃነቁም። እኔ በገበያ ሥራ የምኖር ሰው ነኝና ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ያስገርመኛል። ዛሬ አንድ ድርጅት ምርቱን የሚያስተዋውቅለት ፊት ሲፈልግ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን “ሕዝቡ የእኔ ይለዋል ወይ?” እንባባላለን። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ፍጻሜ፣ አንድ ዋንጫ፦ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ተጫዋች ዛሬ ቢኖር የባንኩም የታሸገ ውኃውም ማስታወቂያ ላይ ይወጣ ነበር። ወይስ አንዱ ባልደረባዬ “ስሙ ግን…” ይል ይሆን? እንደሚል አውቃለሁ። ምናልባት እኔው ራሴ እል ነበር።

ከዚያ ዋንጫ አሥር ወር በኋላ፣ ኅዳር 1955፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ሉቻኖ መጫወቱን አላቆመም። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውድድሩን በአዲስ አበባና በአስመራ ስታስተናግድም በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ያኔ በግማሽ ፍጻሜ በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። ደርግ መጣ፤ ጊዜው ከፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በጅቡቲ በኩል ሸሽቶ ጣሊያን ገባ።

እዚህ ላይ ነው መካኒክነቱ የሚመለሰው። የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው አምበል ሮም አጠገብ ባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦስቲያ ጋራዥ ከፈተ። መኪናቸውን ለጥገና ከሚያመጡለት ስንቱ ማንነቱን ያውቅ ነበር? ሰፈር ውስጥ ደግሞ ልጆችን ኳስ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ አሳተመ። መጽሐፉን ስለ ዋንጫው ብሎ አልሰየመውም፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ “እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው” የሚል ነው። ኢታሎ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ሉቻኖ ደግሞ በ2015 መስከረም መጀመሪያ፣ በ87 ዓመቱ፣ እዚያው ጣሊያን ሞተ። የዚያን ሳምንት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ዜናው አልፎኛል።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። አሁን ሳስበው፣ ውጪ አጥሩ ሥር ቆሞ ጎል የሚቆጥር ሰው ይኖር ነበር።

ለፋሲካ ወደ ዘጌ ስንመለስ ያነበብኩትን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። አባቱ ማን እንደሆኑ፣ እናቱ፣ ሕጉ፣ ዋንጫው፣ ጋራዡ። ጋራዡ ላይ ስደርስ፣ “ታዲያ ዋንጫውን ይዞት ሄደ?” አለኝ። አይደለም፣ ዋንጫው የአገር ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ተነስቶ ወደ ጀልባ ማረፊያው ሮጠ።

ጋሼና እኔ ቀስ ብለን ተከተልነው። ልጆቹ ተራ በተራ ፔናሊቲ ይመታሉ፤ ሁሉም ከመምታቱ በፊት ስም ይጠራል። ሜሲ። ሮናልዶ። ሳላህ። የእኛው ተራ ሲደርስ “ሉቻኖ!” ብሎ ተንደረደረ። ኳሷ በድንጋዩ ጎል አናት ላይ አልፋ ጣና ውስጥ ገባች።

“ሉቻኖ ቢሆን አይስታትም ነበር” አሉ ጋሼ፤ አንድም ቀን ሲጫወት ሳያዩት።

ልጁ ማልያውን አውልቆ ወደ ውኃው ገባ።