ያውቁ ኖሯል? ኮሶ በማን ስም ይጠራል?

ከቢቸናና ከሞጣ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ የሚገኘው የኮሶ ዛፍ በሳይንስ ስሙ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ካርል ሀገን ከተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ሰውየው የኮሶን አገር ረግጦ አያውቅም። በ1770 እ.ኤ.አ. እስከ ግሽ ዓባይ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም ጠርቶት ነበር። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ስሙን ለወጠው። ዛሬ ሙሉው ስም ሲጻፍ ብሩስ በቅንፍ ውስጥ፣ ግሜሊን ከቅንፍ ውጭ ይሰፍራሉ። አበባው የኮሶ ትል እንደሚያስወጣ አስቀድመው የደረሱበት ባለአገሮች ግን በቅንፉም ውስጥ የሉም። ይህ ያንገበግበኛል።

አወሳሰዱም የእነሱው ጥበብ ነው። ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም! በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ወደ አውሮፓ ተልኮ በመድኃኒት ቤቶች ተሽጧል። ችግሩ መጠኑ ነው፤ በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት ሲበዛ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ የዓይን ብርሃንንም ሊጎዳ ይችላል።