የሶፊያ ፊት የማን ሥራ ነው?

ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባን ከጎበኘች ወዲህ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራችና እንደ ሰው የምታስብ ማሽን ናት የሚለው ወሬ ዓመታት ቢያልፉም አልበረደም። ሠሪዋ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተሳተፈው በሶፍትዌሩ ሥራ ነው፤ ጉዳዩ ከዚህ የዘለለ ማብራሪያ አያሻውም። ተመልካቹን የሚያፈዘው ግን ሶፍትዌሩ ሳይሆን ፊቷ ነው፤ ፊቷ ደግሞ የቀራጭ ሥራ ነው። የኩባንያው መሥራች ዴቪድ ሃንሰን ቀድሞ በዲዝኒ በቀራጭነት የሠራ ሲሆን፣ የሶፊያን መልክ ያወጣው የግብጿን ንግሥት ኔፈርቲቲን፣ ተዋናይቷን ኦድሪ ሄፕበርንንና የገዛ ባለቤቱን አዋህዶ ነው።

የክንድ ጡንቻ አጥንትን ሲያንቀሳቅስ፣ አብዛኞቹ የፊት ጡንቻዎች ግን አንድ ጫፋቸው ከቆዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሲኮማተሩ ቆዳውን ራሱን ይስቡታል፤ ቆዳውም ለስላሳና ፈሳሽ የበዛበት ስለሆነ ያለ ብዙ ጉልበት ይታጠፋል። ለሮቦት ፊት የሚለበጥ ድፍን ጎማ ግን ቢለጠጥም ሲጨመቅ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ትናንሽ ሞተሮች የከንፈርን ጥግ ወደ ጉንጭ ቢስቡትም ከአፍንጫ እስከ አፍ የሚወርደው የፈገግታ መስመር አይወጣም። ሃንሰን «ፍራበር» ያለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ፣ በጣት እንደተጫኑት ስፖንጅ ቦታ እየለቀቀ ይጎደጉዳል፣ ሞተሩም ሲለቀው ይመለሳል።

ሰውን መምሰል ግን ሁልጊዜ አያስወድድም፤ ጃፓናዊው መሐንዲስ ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደጻፈው፣ ሮቦት ሰውን እየመሰለ በሄደ ቁጥር ይወደዳል፣ ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ግን ድንገት ይቀፋል፤ ይህን ዝቅታ «ሸለቆ» ብሎታል። የጃፓኑ ታካራ ቀርጿቸው አሜሪካዊው ሃዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ለገበያ ያቀረባቸው መጫወቻዎች፣ ሠዓሊዎች በየካርቶኑ ላይ ሲሥሏቸውም ፊታቸው ብረት ሆኖ ስለሚቀር ሸለቆው አይነካቸውም። እርግጥ ሞሪ ሐሳቡን ያቀረበው በሙከራ ሳያረጋግጥ ነው፤ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎችም አንዱ ሲደግፈው ሌላው ይቃረነዋል፣ ምክንያቱ ከበሽታ የመሸሽ ደመ ነፍስ ይሁን ሰውና ዕቃን ለመለየት መቸገር ገና አልለየለትም።

ፊቷ ፈገግ ማለት ቢችልም የሚነገራትን መረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማሽን ንግግርን የሚለየው በአብዛኛው ከነጽሑፍ ግልባጩ በተሰበሰበ ብዙ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ሲሠለጥን ነው። በእንጅባራና በዳንግላ የሚነገረው አዊኛ በግእዝ ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ቢሰጥም፣ እንዲህ ያለ ክምችት እስካልተዘጋጀለት ድረስ ሶፊያ በአዊኛ ሰላምታ ቢቀርብላት ፈገግ የሚለው ቆዳዋ ብቻ ነው።