የመጀመሪያው ጠያቂ ለምን ይዘገያል?

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ምሳሌ የሚነገረው፣ አስቀድሞ መሰናዳት ሲገባው እንግዳ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ለሚዋከብ ሰው ነው። ይኸው ምሳሌ የሚስማማውን አንድ የኮምፒዩተር ጉዳይ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናብራራለን።

የመረጃ ቋት መዝገብ ከመጠበቅ በላይ፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሥራም በውስጡ ያከናውናል። ለምሳሌ ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ፣ ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው በፐርል ቋንቋ ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል። ፐርል ግን ያለ አስተርጓሚ ፕሮግራም አይሠራም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን አስተናጋጅ ፕሮሰስ ይመድባል፤ አስተናጋጁም አስተርጓሚውን የሚያስነሣው ትእዛዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ነው። የሚያስፈልጉትንም ሞጁሎች የሚጭነው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ ይዘገያል፤ በዚያው ግንኙነት የሚከተሉት ግን ይፈጥናሉ።

አንድ ጊዜ ቢዘገይ ምን ይጎዳል? የሚል ይኖር ይሆናል። ግንኙነቱ ረዥም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ አዲስ ግንኙነት ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋ ከሆነ፣ ባለጉዳይ ሁሉ የመጀመሪያ ጠያቂ ይሆናል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ «ሼርድ ፕሪሎድ ላይብረሪስ» በተባለው ማስተካከያ፣ ዋናው ፕሮሰስ ገና ሲነሣ አስተርጓሚውን አሰናድቶ እንዲጠብቅ ማዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው ከ9.0 እትም ጀምሮ፣ ሞጁሎቹንም በዚያው ጊዜ ማስጫን ተችሏል። በሊኑክስ ላይ አዳዲሶቹ አስተናጋጆች ከዋናው ፕሮሰስ ስለሚወለዱ የተሰናዳውን ይወርሳሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ግን ይህ ውርስ ስለሌለ እያንዳንዱ ለራሱ ይጭናል። ሁለተኛው፣ ፒጂባውንሰርን በመሰለ አገናኝ ፕሮግራም፣ የተከፈተውን ግንኙነት ሳይዘጉ ለተከታዩ ባለጉዳይ ማስተላለፍ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አስቀድሞ የተጫነ ሞጁል፣ ሥልጣናቸው ለተወሰነ ተጠቃሚዎችም ክፍት ይሆናል፤ ጉድለት ካለበትም ዋናውን ፕሮሰስ ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ የታመነውንና ዘወትር የሚሠራበትን ብቻ መርጦ መጫን ይገባል።

እንግዲህ ሥራው ዘገየ የሚል አቤቱታ የቀረበለት ኃላፊ፣ አዲስ ማሽን ይገዛ ከማለቱ በፊት፣ የዘገየው የመጀመሪያው ጥሪ ነው ወይስ ሁሉም? ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ፣ የጎደለው የማሽን ጉልበት ሳይሆን መሰናዶ ነው።